ትናንት የተሠራ ጸጉር

ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ የጁላይ ፀሐይ አናት ይበሳል። አገር ቤት ሐምሌ ሲሆን ጭቃና ጃንጥላ ነበር፤ እዚህ ብሌንደን ታውንሺፕ ግን ሰው የሚሽቀዳደመው ለጥላ ነው። በአፓርታማዎቹ መሃል በብረት አጥር የተከለለ ገንዳ አለ። ወንዶቹ ልጆች እየሮጡ መጥተው ዘለው ይገባሉ፣ ላይፍጋርዷ ፊሽካ ትነፋለች፣ ለደቂቃ ይታገሱና መልሰው ይሮጣሉ። እናቶቹ ጠርዙ ላይ ተደርድረው እግራቸውን ነክረው ያወራሉ። ከመካከላቸው አንድም አንገቷ ድረስ የገባች የለችም።

ስምንት ዓመት የሚሆናት ልጅ የዋና ልብሷን ለብሳ አጠገባቸው ቆማለች። ጸጉሯ ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ በቀጫጭን ሹሩባ ተጎንጉኖ ጫፍ ጫፉ ላይ ነጫጭ ጨሌ ተሰክቶበታል።

«ማሚ፣ ልግባ?»

«ትናንት እኮ ነው የተሠራሽው! ነገ ክርስትና አለብን። እግርሽን ብቻ ንከሪ።»

ታናሽ ወንድሟ ጸጉሩን በማሽን ተላጭቷል። ከመጣ ጀምሮ ከውሃው አልወጣም።

በሰመር ይህ ንግግር የማይሰማበት የሐበሻ ቤት ያለ አይመስለኝም። እናትየዋን መውቀስም አይገባም። ሹሩባ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ የሠሪዋ ሂሳብ ቀላል አይደለም፤ ልጅቷም ራሷን እየተጎተተች፣ እያለቀሰች ነው ያለፈችው። ያን ሁሉ ለአንድ ሰዓት ጨዋታ መበተን ለማን ይዋጥለታል? ችግሩ ክርስትናው አልፎ በሳምንቱ ልደት ይመጣል፣ ከዚያ ሠርግ፣ ከዚያ የትምህርት ቤት መክፈቻ። ሰመሩ በዚህ ያልቃል፤ ወንዱ ዋና ይለምዳል፣ ሴቷ ጠርዝ ላይ ታድጋለች።

ብሌንደን ታውንሺፕ ከኮሎምበስ መሃል ከተማ በሰሜን ምሥራቅ ናት። ከተሞቹ ኮሎምበስና ዌስተርቪል በየጊዜው እየቆረሱ ስለወሰዱላት ካርታ ላይ የተበጣጠሰች ሆና ነው የምትታየው። መንገድ 161 እና ክሊቭላንድ አቬኑ አካባቢ ያለ ሐበሻ የሚኖርበትን መንደር «ኮሎምበስ» ብሎ ነው የሚጠራው፤ ታውንሺፑ ትዝ የሚለው ፖስታ ሲመጣለት ነው። በስተምሥራቅ በቢግ ዋልነት ወንዝ ላይ የተገደበው፣ በ1955 ሥራው የተጠናቀቀው የሁቨር ሐይቅ አለ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ሐይቁ የከተማው የመጠጥ ውሃ ስለሆነ መዋኘት ክልክል ነው። በጀልባ መቅዘፍ፣ ዓሣ ማጥመድ ይቻላል፤ ገላን መንከር አይቻልም። ውሃው በሃፕ ክሪሚን ማጣሪያ ጣቢያ በኩል አልፎ፣ ክሎሪን ተጨምሮበት ወደ ቧንቧ ይሄዳል። ስለዚህ የዚህ ሰፈር ልጅ የሚዋኘው ገንዳ ውስጥ ነው። ገንዳ ካለ ደግሞ ክሎሪን አለ።

አሜሪካ ውስጥ ጸጉርና ዋና የተጣሉት በእኛ ቤት ብቻ አይደለም፤ በጥቁር አሜሪካውያን ቤት ጠቡ ከኛ መምጣት በፊት የቆየ ነው፤ ከውሃው ያራቃቸው ግን ጸጉር ብቻ አልነበረም። እዚሁ ኦሃዮ ውስጥ በ1951 በያንግስታውን ከተማ አንድ የልጆች ቤዝቦል ቡድን አሸንፎ ድሉን ለማክበር ወደ ገንዳ ሄደ። ከቡድኑ አንድ ጥቁር ልጅ ነበር፤ ስሙ አል ብራይት ይባላል። ጓደኞቹ ሲዋኙ እሱ ከአጥሩ ውጭ እንዲቀመጥ ተደረገ። አዋቂዎቹ ቢለምኑለት በመጨረሻ ሌላው ሰው ሁሉ ከውሃው ወጥቶ፣ እሱ ትንሽ የጎማ ጀልባ ላይ ተቀምጦ፣ ላይፍጋርዱ አንድ ዙር እየገፋ ወሰደው። ውሃውን እንዳይነካ ደጋግሞ እያስጠነቀቀው። አል ብራይት ካደገ በኋላ ሠዓሊና በያንግስታውን ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆኗል። እንዲህ ያለ ገንዳ ያየ አባት ልጁን ዋና አያስተምርም፤ ያ ልጅም የራሱን ልጅ አያስተምርም። የዩኤስኤ ስዊሚንግ ፋውንዴሽንና የሜምፊስ ዩኒቨርሲቲ በ2017 ባወጡት ጥናት ከጥቁር ልጆች 64 በመቶው ወይ ዋና አይችሉም ወይ ችሎታቸው እጅግ ዝቅተኛ ነው፤ ከነጮቹ ይህ 40 በመቶ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ በ2014 ይፋ ባደረገው መሠረት ደግሞ ከ5 እስከ 19 ዓመት ባሉት ልጆች መካከል ጥቁሮች በመዋኛ ገንዳ ሰጥመው የሚሞቱበት መጠን ከነጮቹ 5.5 እጥፍ ነው።

እኛ ያንን ታሪክ አልኖርነውም። ይዘን የመጣነው ሌላ ነው። ደጋ ያደገ ሰው ውሃን የሚያውቀው በእንስራ ነው፤ ወንዝ ወርዶ የሚንቦጫረቀው ወንድ ልጅ ነው፣ ሴቷ ቀድታ ትመለሳለች። ጣና ዳር ያደገውም ቢሆን ስለ ቢልሃርዝያ እየተነገረው ነው የሚገባው። አዲስ አበባ ውስጥ ገንዳ ማለት ለብዙው ሰው ጊዮን ሆቴል ነበር፤ ወይም ከአዳማ አለፍ ብሎ ሶደሬ፣ በዓመት አንዴ በትምህርት ቤት ጉዞ። ሒልተን በላሊበላ መስቀል ቅርጽ የተሠራ፣ ከከርሰ ምድር በሚወጣ ፍል ውሃ የሚሞላ ገንዳ አለው፤ ያንን ከአጥር ወዲያ ያየው ሰው ከዋኘበት ይበልጣል። በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ በ1:04.95 ጨርሶ ከ59 ተወዳዳሪ 59ኛ ሲወጣ ዓለም ሳቀ፤ እኔ ግን እስካሁን የሚገርመኝ ከዚያ ሁሉ ደጋ መሃል አንድ ሰው እዚያ መድረክ ላይ መቆሙ ነው።

እንግዲህ ያለን ሁለት ፍርሃት ነው፤ የውሃ ፍርሃትና የጸጉር ፍርሃት። የመጀመሪያውን አሰልጣኝ ያስወግደዋል። ሁለተኛው የእውቀት ጉዳይ ስለሆነ እሱ ላይ እንቆይ።

ክሎሪን ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ነገር አይደለም። በረኪና ያው እሱ ነው፤ ለመጠጥ ውሃ ማከሚያ የምንገዛው ውሃ አጋርም ያው ነው። በረኪና ነጠላን እንዴት እንደሚበላ ያየች እናት ልጇን «በረኪና ውስጥ» ለመንከር ብትፈራ አይፈረድባትም። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። የቤት በረኪና 5 በመቶ ገደማ ክሎሪን ያለው ድብልቅ ነው። ሲዲሲ ለመዋኛ ገንዳ የሚመክረው ትንሹ መጠን ግን በአንድ ሊትር ውሃ 1 ሚሊግራም ነው፤ ክሎሪኑን ከፀሐይ የሚከላከለው ሳያኑሪክ አሲድ የሚባለው ማረጋጊያ ከተጨመረበት ደግሞ 2። አሜሪካ ውስጥ በቧንቧ ውሃ እንዲኖር የሚፈቀደው ከፍተኛው መጠን በሊትር 4 ሚሊግራም መሆኑን ሲያስቡት ገንዳው ከምንጠጣው ውሃ ብዙም የራቀ አይደለም። ጉዳቱ የሚመጣው ከመደጋገም ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት፣ ሙሉ ሰመር፤ በዚህ ላይ ካልታጠቡትና አብሮ ፀሐይ ካደረቀው።

አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው ተገልብጦ ነው የሚያውቀው። አፍንጫ የሚሰነፍጠው፣ ዓይን የሚያቀላው «የክሎሪን ሽታ» የንጹህ ክሎሪን ሽታ አይደለም። ክሎሪን ከላብ፣ ከሽንትና ከቆዳ እድፍ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል ነገር ይፈጠራል፤ የሚሸተው እሱ ነው። በደንብ የተያዘ ገንዳ እምብዛም አይሸትም። ሽታው ገና ከበሩ ከተቀበላችሁ ክሎሪኑ በዝቶ ሳይሆን ቆሻሻውን ማሸነፍ አቅቶት ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ደግሞ በዋናተኞቹ እጅ ነው፤ ወደ ገንዳው ከመግባት በፊት አንድ ደቂቃ ሻወር መውሰድ። ግድግዳው ላይ «ከመግባትዎ በፊት ይታጠቡ» የሚለውን ማስታወቂያ የሚያነበው ሰው ስንት ነው? ቅቤውን፣ ሎሽኑን፣ ሽቶውን ይዞ ዘው ይላል፤ ክሎሪኑም ጀርሙን ትቶ ሽቶ ሲያሳድድ ይውላል።

የአፓርታማ ገንዳም ቢሆን ባለቤት አልባ አይደለም። በኦሃዮ ሕግ እንደ ሕዝብ መዋኛ ይቆጠራል፤ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ የፍራንክሊን ካውንቲ የጤና መሥሪያ ቤትም ይፈትሸዋል። የክሎሪን መለኪያ ወረቀት ደግሞ ከሃርድዌር መደብር በጥቂት ዶላር ይገዛል፤ ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀለሙን ከጀርባው ካለው ሰንጠረዥ ጋር ማመሳከር ነው። የውሃውን አሲዳማነት የሚያሳየው ፒኤችም ከ7.0 እስከ 7.8 መካከል መሆን አለበት። ከዚያ ሲወጣ ዓይንም ቆዳም ጸጉርም አብረው ያማርራሉ፤ ሰው ግን ሁሉንም በክሎሪን ያሳብባል።

አሁን ወደ ጸጉሩ።

የአንድ ዘለላ ጸጉር ውጫዊ ክፍል አንዱ ባንዱ ላይ እንደተደራረበ የቤት ክዳን ነው፤ በጥሩ ጤንነት ላይ ሲሆን ውሃውን እያንሸራተተ ይመልሳል። ከላዩ ደግሞ ስስ የሆነ የተፈጥሮ ቅባት አለው። ክሎሪን መጀመሪያ የሚያጠቃው ይህን ቅባት ነው። ቅባቱ ሲነሳ ክዳኑ ይከፈታል፣ ክሎሪኑ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ የጸጉርን ፕሮቲን አስተሳስረው የያዙትን የሰልፈር ማያያዣዎች ይበጥሳል። ከዚያ ጸጉሩ ሲነካ ይሻክራል፣ ማበጠሪያ ይይዛል፣ ጫፉ ይሰነጠቃል።

የእኛ ዓይነት ጥቅልል ጸጉር በዚህ ላይ የራሱ ድክመት አለበት። ተቆርጦ በማጉያ ቢታይ ክብ ሳይሆን ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ በየመታጠፊያው ላይ ደግሞ ደካማ ነው፤ ሲሰበር እዚያ ላይ ነው የሚሰበረው። የራስ ቅል ቆዳ የሚያመነጨው ቅባትም በቀጥ ያለ ጸጉር ላይ እስከ ጫፍ ይወርዳል፤ በጥቅልሉ ላይ ግን ገና መንገድ ሳይጀምር ይቀራል። ስለዚህ የሐበሻ ጸጉር ገንዳ ሲገባ ጫፉ አስቀድሞ የደረቀ ነው። በሪላክሰር የለሰለሰ ወይም ቀለም የተቀባ ከሆነ ደግሞ ክዳኑ በኬሚካል አንዴ ተከፍቷል፤ በዚያው ሳምንት ክሎሪን መጨመር መከራን መጋበዝ ነው።

መፍትሔው ግን ርካሽ ነው፣ አስቂኝ በሚባል ደረጃ። ደረቅ ጸጉር የክብደቱን 30 በመቶ ያህል ውሃ ይጠጣል። ምን እንደሚጠጣ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። ከገንዳው በፊት ሻወር ስር ቆሞ እስከ ሥሩ በንጹህ ውሃ ማራስ፤ ያን ጊዜ ጠጥቶ ስለጠገበ የገንዳውን ውሃ የሚቀበልበት ቦታ ያንሰዋል። ሌላ ምንም ባታደርጉ ይህን ብቻ አድርጉ። ለቆሸሸው ውሃም ለጸጉሩም አንድ ሻወር ይበቃል ማለት ነው።

ከዚያ ቅባት። እዚህ ላይ የእናቶቻችንን ነገር ማንሳት ግድ ነው። ለጋ ቅቤ አናት ላይ ተደርጎ፣ በሻሽ ታስሮ፣ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ በማጅራት ሲወርድ ያላደገ ማን አለ? ሰው እስካሁን ከአዲስ አበባ ሲመለስ ሻንጣው ውስጥ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር ቅቤ ይከታል። ቅቤ ጸጉርን ይሸፍናል፣ ያለሰልሳል፣ እርጥበቱንም ይይዛል፤ ሐሰት አይደለም። ሬሌና ሞሂሌ የተባሉ ሁለት የሕንድ ተመራማሪዎች በ2003 ባሳተሙት ጥናት ግን የኮኮናት ዘይትን ከሱፍ ዘይትና ከማዕድን ዘይት ጋር አወዳድረው፣ ከሦስቱ ወደ ጸጉሩ ውስጥ ዘልቆ የፕሮቲን መሟጠጥን የሚቀንሰው ኮኮናቱ ሆኖ አግኝተውታል። ሞለኪዩሉ ትንሽና ቀጥ ያለ ስለሆነ ይገባል፤ የቀሩት ላይ ላዩን ይቀራሉ። ቅቤ በዚያ ጥናት አልነበረም፤ የቅቤ ስብ አብዛኛው ረጃጅም ስለሆነ ከሸፋኞቹ ወገን ነው ብዬ እገምታለሁ።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው፤ ከዋና በፊት በጣም ጥቂት የኮኮናት ዘይት ወይም ኮንዲሽነር፣ ያውም እርጥቡ ጸጉር ላይ፣ ያውም በኮፍያ ስር። ቅቤው ለማታ ይቆይ። ቅቤ ተቀብቶ ገንዳ መግባት ማጣሪያውን ይደፍናል፣ ክሎሪኑን ይጨርሳል፣ ላይፍጋርዷም ሽታውን ታውቀዋለች። ዋናው ካለቀ፣ ጸጉሩ ከታጠበ በኋላ ቅዳሜ ማታ ቅቤ መቀባትን የሚያህል ነገር የለም፤ እሁድ ጠዋት ታጥቦ ቤተ ክርስቲያን ይደረሳል።

ሹሩባ ራሱ ጥሩ መከላከያ ነው። ጸጉሩ ተሰብስቦ ስለተያዘ እርስ በርሱ አይፈተግም፣ አይቋጠርም። ብዙ ጥቁር ዋናተኞች በሹሩባ ነው የሚወዳደሩት። ሦስት ነገር ግን መጠንቀቅ ያሻል። አንደኛ፣ ጠብቆ ከተሠራ የራስ ቅል ቆዳው ለጥቂት ቀን ቁስለት አለበት፤ ክሎሪን ያቃጥለዋል፣ ስለዚህ ሁለት ሦስት ቀን ማሳለፍ። (ግንባር ላይ ነጥብ ነጥብ እየሆነ እስኪያብጥ የሚጠብቅ ሹሩባ ለሠርግም አይበጅ፤ የፊት ጸጉር የሚመለጠው እንደዚያ ነው።) ሁለተኛ፣ ተጨማሪ ጸጉር የገባበት ሹሩባ ውሃ ሲይዝ ከባድ ነው፤ ሥሩን ይጎትታል፣ ውስጡ ሳይደርቅ ከተኛችበትም መሽተት ይጀምራል። ሦስተኛ፣ ሹሩባ ነው ተብሎ መታጠቡ አይቀርም። በትንሽ ጠርሙስ ሻምፖ በውሃ አቅጥኖ በሹሩባው መስመር መስመር መሃል የራስ ቅል ቆዳው ላይ መርጨት፣ በጣት ጫፍ ማሸት፣ ከዚያ ውሃ ወደ ታች እንዲወርድ ማድረግ፤ ሹሩባው አይበተንም።

ከገንዳ የወጣ ጸጉር ሳይደርቅ መታጠብ አለበት። ክሎሪኑ ላዩ ላይ ሲደርቅ ሥራውን አላቆመም። ዋናተኞች በቫይታሚን ሲ የተሠራ መርጫ ይጠቀማሉ፤ አስኮርቢክ አሲድ ክሎሪንን ወዲያው ስለሚያከሽፈው ነው። ለዋናተኛ ተብለው የሚሸጡት ሻምፖዎችም ይህን፣ ወይም ሶዲየም ታዮሰልፌት፣ ወይም ብረታ ብረትን የሚያወጣውን ኢዲቲኤ ይይዛሉ። ጠንካራ ስለሆኑ በየዕለቱ አያስፈልጉም፤ በሳምንት አንዴ ይበቃሉ። በሌላው ቀን በብዙ ውሃ ማለቅለቅና ወፍራም ኮንዲሽነር። ማበጠር ከጫፍ ተነስቶ ወደ ሥር፣ ሰፊ ጥርስ ባለው ሚዶ። በዚያው ቀን ካስክ ስር መግባት፣ ፔስትራ ማድረግ፣ ክሎሪን ያዳከመውን በእሳት መጨረስ ነው።

«ክሎሪን ጸጉርን አረንጓዴ ያደርጋል» የሚባለውም ወንጀለኛው ሌላ ነው። መዳብ ነው፤ ከአልጌ መግደያ ወይም ከቧንቧ የሚመጣ። ቀለሙ ጎልቶ የሚታየው በነጭ ወርቃማ ጸጉር ላይ ነው። እኛ ጸጉራችንን ብሎንድ ካልቀባን በስተቀር የምንጨነቅበት ጉዳይ አይደለም።

ኮፍያን በተመለከተ ሰው ውሃ የማያስገባ ይመስለዋል። ያስገባል። ሥራው ጸጉሩን መሰብሰብና የሚገባውን ውሃ መቀነስ ነው። ላቴክስ የሚባለው ስስ ኮፍያ ዘይት ሲነካው ይበላሻል፣ ሲወልቅም የግንባር ጸጉር ነቅሎ ይወጣል፤ ሲሊኮኑ ይሻላል። ግን መደበኛው ሲሊኮን ለወፍራም ሹሩባ ወይም ለአፍሮ አይበቃም። ለዚህ ነው በ2017 ሁለት ለንደናዊ ወጣቶች፣ ማይክል ቻፕማንና ቶክስ አህመድ ሳላዉዲን፣ ሶል ካፕ የተባለውን ሰፊ ኮፍያ ይዘው ብቅ ያሉት። በቶኪዮ ኦሎምፒክ ዋዜማ፣ በ2021፣ የዓለም የዋና ፌዴሬሽን የጭንቅላትን ተፈጥሯዊ ቅርጽ አይከተልም ብሎ ከለከለው። የማንን ጭንቅላት? እያለ ዓለም ጮኸ። በዚያው ኦሎምፒክ አሊስ ዲሪንግ ብሪታንያን ወክላ በኦሎምፒክ የዋኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች፤ ርቀቷ 10 ኪሎ ሜትር ነበር። በሴፕቴምበር 2022 ፌዴሬሽኑ ተመልሶ ፈቀደው። ዛሬ ሰፊ ኮፍያ በመስመር ላይ ገበያ እንደ ልብ ይገኛል፤ ስትገዙ በልጅቷ ራስ ሳይሆን በሹሩባዋ መጠን ግዙ።

ቆዳ ላይ ደግሞ በየገንዳው ጠርዝ የሚሰማ አንድ አቤቱታ አለ፤ «ክሎሪኑ አጠቆረኝ» ይባላል። ክሎሪን አያጠቁርም። ያጠቆረው ፀሐይ ነው። ሰው ከቀኑ ሰባትና ስምንት ሰዓት ላይ ባዶ ትከሻውን ይዞ ውሃ ውስጥ ሦስት ሰዓት ይቆያል፤ ውሃው ስለሚያቀዘቅዘው መቃጠሉ አይታወቀውም። ከዚያ ቆዳው ደርቆ አመድ ሲመስል የጠቆረው ይበልጥ ይጎላል። ጥቁር ቆዳ የፀሐይ ክሬም አያስፈልገውም የሚለውም ስህተት ነው። በፀሐይ ቃጠሎ እንደ ነጭ ላንቀላ እንችላለን፤ ማድያት ግን የኛ ነው፤ ፀሐይ ደግሞ ማድያትን ያባብሳል፣ የብጉርና የቁስል ጠባሳንም ያጠቁራል። ጠርሙሱ ላይ ውሃ ይቋቋማል ብሎ 40 ወይም 80 ደቂቃ የሚል ይጻፋል፤ ያ ማለት ከዚያ በኋላ እንደገና መቀባት ነው እንጂ ሙሉ ቀን ይበቃል ማለት አይደለም። መከላከያው ቁጥር 30 እና ከዚያ በላይ ይሁን። ዚንክ ያለበቱ ፊት ላይ እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ እንደሚቀር አውቃለሁ፤ ቀለም የተቀላቀለበት አለ፣ ካልሆነም ለልጅ እጅጌው ረጅም የዋና ልብስ ይሻላል።

ከውሃ ወጥቶ ለብ ባለ ውሃ መታጠብ፤ ፍል ውሃ አይሁን፣ የቀረውን ቅባት እሱም ይወስደዋል። ፎጣው ይጫን እንጂ አይፈትግ። ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ወፍራም ክሬም፣ ወይም ከአገር ቤት ጀምሮ የምናውቃት ግሊሰሪን፣ ከላይ ቫዝሊን። ቫዝሊን ብቻውን ደረቅ ቆዳ ላይ ቢቀባ ድርቀቱን ነው የሚያሽገው፤ እርጥበቱ ከስር መኖር አለበት። ኤግዚማ ያለበት ልጅ ግን ከገንዳው በፊትም ስስ አድርጎ ቢቀባ ያግዘዋል። የዋና ልብሱም ሳይታጠብ ቦርሳ ውስጥ ካደረ በማግስቱ ቆዳን ያሳክካል።

ሌላው የእናቶች ፍርሃት ብርድ ነው። ጸጉሯ ሳይደርቅ ከወጣች ሳይነስ ይይዛታል ይባላል። ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ እንጂ እርጥብ ጸጉር አይደለም። ፍርሃቱ ግን ከባዶ የመነጨ አይመስለኝም። ቤት ውስጥ ባለ ገንዳ ላይ ክሎራሚኑ ከውሃው ተነስቶ በተዘጋው አየር ውስጥ ይታመቃል፤ አፍንጫን ያስነጥሳል፣ ጉሮሮን ይቧጥጣል። ልጅቷ ከዋና መልስ ስታስነጥስ «ይኸው ብርድ መታት» ይባላል፤ የመታት ግን አየሩ ነው። የአየር ማናፈሻው ጥሩ የሆነበትን ገንዳ ከመረጡና ሰው ሁሉ አስቀድሞ ከታጠበ ይህ ይቀንሳል። የኮሎምበስ ጥር ግን ጥር ነው፤ ጸጉር በፎጣ ጨምቆ፣ ሻሽ አስሮ፣ ኮፍያ ደርቦ መውጣት ማንንም አይጎዳም።

ወደ ክረምቱ መምጣታችን ካልቀረ፣ የውጭ ገንዳዎች በሴፕቴምበር መጀመሪያ ከሌበር ዴይ ጋር ይዘጋሉ። የዌስተርቪል ኮሚዩኒቲ ሴንተር የቤት ውስጥ ገንዳ ግን ዓመቱን ሙሉ ይሠራል፤ ለእውነተኛ ትምህርት ደግሞ ክረምቱ ይሻላል፣ ግርግር የለም፣ ፀሐይ የለም፣ በየሳምንቱም ሠርግ የለም። አንዳንድ እናቶች የጸጉሩን ነገር በቀን መቁጠሪያ ፈትተውታል። ሹሩባው በተሠራ በሦስተኛው ሳምንት፣ መላላት ሲጀምርና ሊፈታ ሲል፣ ያን ጊዜ ልጅቷ እንደ ፈለገች ትዋኛለች፤ ሊታጠብ የደረሰ ጸጉር ነውና ማንም አይቆጭበትም። የቅዳሜ ጠዋት ክፍል የያዙት ደግሞ የጸጉር ሠሪዋን ቀጠሮ ከዋናው በኋላ ያደርጉታል። ልጅቷ እዚያው ሻወር ላይ ታጥባ፣ ኮንዲሽነር ተቀብታ፣ እርጥቡን በሰፊ ሚዶ ተበጥራ ትሄዳለች፤ ሠሪዋም ያለ ካስክ በእጇ ለስልሶ ያገኘችውን ጸጉር ወዲያው መጎንጎን ትጀምራለች፣ ለእሁድ ቅዳሴም ይደርሳል።